የድረ ገጽ አድራሻ መጨረሻና የተገልጋዩ ደኅንነት፦ ከ‹ፍሪኖም› ኩባንያ ታሪክ የሚወሰድ ትምህርት

መንግሥታዊ አገልግሎቶች ወደ ዲጂታል ሥርዓት በተሸጋገሩ ቁጥር የድረ ገጽ አድራሻ የመሥሪያ ቤት በር እየሆነ መጥቷል። ተገልጋዩ በትክክለኛው በር መግባቱን ከሚያረጋግጥባቸው ምልክቶች ቀዳሚው የአድራሻው መጨረሻ ነው። ይህ መጨረሻ በአግባቡ ሳይጠበቅ ሲቀር የሚከተለውን ጉዳት የኔዘርላንዳዊው ሥራ ፈጣሪ የዮስት ዙርቢር የሥራ ታሪክ በግልጽ ያሳያል።

እያንዳንዱ አገር በኢንተርኔት ላይ ባለሁለት ፊደል መለያ አለው፤ የኢትዮጵያ መለያ ‹ዶት ኢቲ› ነው። በኒውዚላንድ ሥር የምትተዳደረውና ከ2,000 ያነሰ ሕዝብ ያላት የፓሲፊክ ደሴቶች ግዛት ቶክላው ደግሞ ‹ዶት ቲኬ› የተሰኘ መለያ አላት። ዙርቢር ይህን መለያ ለማስተዳደር ከግዛቲቱ ጋር ተስማምተው፣ በኋላ ‹ፍሪኖም› በተባለው ኩባንያቸው አማካይነት አድራሻዎችን በነፃ ማደል ጀመሩ። በዚህም የቶክላው መለያ በአንድ ወቅት ከ20 ሚሊዮን በላይ አድራሻዎች ተመዝግበውበት ከዓለም ግዙፍ የአገር መለያዎች አንዱ ለመሆን በቃ።

አሠራሩ ግን ትርፍ የሚገኝበት ነበር። የአገልግሎት ጊዜው ያለፈበት ወይም የታገደ አድራሻ ወደ ኩባንያው ሲመለስ፣ አድራሻውን ፈልገው የሚመጡ ጎብኚዎች ማስታወቂያ ይቀርብላቸዋል፤ ገቢውም ከዚህ ይሰበሰባል። ኩባንያው ይህንኑ አሠራር ወደ ማሊ፣ ጋቦን፣ መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክና ኢኳቶሪያል ጊኒ መለያዎች አስፋፋ። ለጀማሪ ነጋዴና ለተማሪ በነፃ የተከፈተው በር ግን ለአጭበርባሪዎችም ክፍት ሆነ። የባንኮችንና የታዋቂ ተቋማትን ገጽ አስመስለው የይለፍ ቃል የሚሰርቁ ሐሰተኛ ድረ ገጾች በእነዚህ መለያዎች ሥር ተበራከቱ።

ሜታ ኩባንያ በፍሪኖም ላይ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ የመሠረተው ክስ እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ ይፋ ሲሆን፣ ፍሪኖም አዲስ ምዝገባ አቆመ። በዚያው ዓመት ጋቦን መለያዋን ተረክባ በሚሊዮን የሚቆጠሩ አድራሻዎችን የመሰረዝ እርምጃ ወሰደች። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ጉዳዩ በስምምነት ሲቋጭ ኩባንያው ከአድራሻ ምዝገባ ሥራ እንደሚወጣ አስታወቀ።

የማሊ ጉዳይ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። የአሜሪካ ጦር ኢሜይሎች ‹ኤም አይ ኤል› በሚሉ ሦስት ፊደላት ሲያበቁ፣ የማሊ መለያ ‹ኤም ኤል› ነው። አንዲት ፊደል በመዘለሏ ብቻ የሕክምና መረጃና የጉዞ መርሐ ግብር የያዙ መልእክቶች ጭምር ወደ ማሊ መለያ ይላኩ ነበር። ዙርቢር እ.ኤ.አ. በ2023 ከጥር እስከ ሐምሌ ባሉት ወራት ወደ 117,000 የሚጠጉ እንዲህ ያሉ መልእክቶችን ሰብስበው ለአሜሪካ ባለሥልጣናት ማስጠንቀቂያ ሰጥተዋል። የአሥር ዓመት ውላቸው በዚያው ሐምሌ ሲያበቃ መለያው ወደ ማሊ መንግሥት ቁጥጥር ተመለሰ።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው የአገር መለያ የሕዝብ ሀብት መሆኑን ነው። አስተዳደሩ ለሌላ ወገን በውል ቢሰጥ እንኳ የቁጥጥር ኃላፊነቱ ከአገር እጅ ሊወጣ አይገባም፤ የሚጎድፈው የአገር ስም፣ የሚጎዳውም ተገልጋዩ ነውና።

በመሆኑም ውድ ተገልጋዮች የመታወቂያ ቁጥር፣ የባንክ ሒሳብ ወይም የይለፍ ቃል ከማስገባታችሁ በፊት የሚከተሉትን እንድታስተውሉ እናሳስባለን፦

• ለመንግሥት ተቋማት የተለየው መጨረሻ ‹ጎቭ ዶት ኢቲ› ነው። ይህም ከመጀመሪያው እዝባር በፊት፣ በስሙ መጨረሻ ላይ መገኘት አለበት። ‹ጎቭ› የሚለው ቃል በአድራሻው መካከል መገኘቱ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም።

• የቁልፍ ምልክት መታየቱ የመልእክት ልውውጡ የተመሰጠረ መሆኑን እንጂ የድረ ገጹን ባለቤት ማንነት አያረጋግጥም።

• በአጭር መልእክት ወይም በቴሌግራም የተላከላችሁን ማስፈንጠሪያ ከመክፈት ይልቅ አድራሻውን ራሳችሁ ጻፉ፤ እያንዳንዷን ፊደልም አመሳክሩ።

• አድራሻው የተለየ መጨረሻ ካለው ወይም ጥርጣሬ ካደረባችሁ፣ መረጃ ከመስጠታችሁ በፊት የሚመለከተውን ተቋም በአካል ወይም በይፋዊ ስልኩ ጠይቁ።