ውኃን የሚሠራው ድንጋይ ብቻ አይደለም

የሐይቅም ሆነ የውቅያኖስ ውኃ ጠባዩን የሚወርሰው ከድንጋይና ከዝናብ ነው፤ በውስጡ ያለው ሕይወት ግን የተሰጠውን ተቀብሎ የሚያድር እንግዳ ነው የሚል አስተያየት በኅትመት ሲነበብ ዝም ማለት አይገባም። ግማሽ እውነት ነውና ያሳስታል።

እንጅባራ አጠገብ ያለውን ዘንገናን እንይ። እሳተ ገሞራ በከፈተው ጉድጓድ የተኛ፣ ጥልቀቱ ከ150 ሜትር የሚያልፍ ሐይቅ ነው። ድንጋዩ ለውኃው ማዕድን መስጠቱን ማንም አይክድም። ነገር ግን ፀሐይ በሚደርስበት የላይኛው ውኃ ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወስዳሉ፣ ኦክስጅን ይለቃሉ፤ የውኃው አሲድነትም ይቀንሳል። ሲሞቱ ይሰምጣሉ። ባክቴሪያዎች ሲያበሰብሷቸው ደግሞ በጥልቁ ኦክስጅን ይመነምናል፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይከማቻል። ድንጋዩ አንድ፣ ዝናቡ አንድ፤ ላይና ታች ያለው ውኃ ግን ለየቅል ነው። ይህን ልዩነት ያመጣው ምንድን ነው?

በውቅያኖስም ነገሩ ይኸው ነው። አሜሪካዊው አልፍሬድ ሬድፊልድ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው ጥናት፣ በጥልቅ ባሕር የናይትሮጅንና የፎስፈረስ ምጣኔ 16 ለ1 ገደማ ሆኖ በተንሳፋፊ ጥቃቅን ፍጥረታት አካል ካለው ጋር የሚገጥመው ፍጥረታቱ ራሳቸው ስለሚያስተካክሉት ነው ሲል ተከራክሯል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በዳንግላ ወረዳ የሚያልፈው የክልቲ ወንዝ በግልገል አባይ በኩል ጣና ሐይቅ ይገባል። በሐይቁ ላይ የተንሰራፋው የእምቦጭ አረም ከሥሩ ያለውን ውኃ ብርሃንና ኦክስጅን እየነፈገ መሆኑን እያየን ሕይወትን እንግዳ ማለት አያስኬድም። ስለ ውኃችን የምትጽፉ ሁሉ፣ ድንጋዩን ስትመረምሩ በውኃው ውስጥ የሚኖረውንም አብራችሁ መርምሩ።