የሰሊጥ ብርና የሲፕሮ ክኒን

ጥቅምት ማለቂያ ላይ አንድ የስማዳ ጓደኛዬ የክኒን ፎቶ በቴሌግራም ላከልኝ። «ይቺ ትሆናለች?» ይላል። መተማ ሰሊጥ አጨዳ ከርሞ ወገዳ ከገባ ሳምንቱ ነው። ስደውልለት ሽንቱ እንደሚያቃጥለው፣ መግል የመሰለ ፈሳሽም እንዳለው ነገረኝ። ጨብጥ መሆኑ ለሁለታችንም ገብቶናል፤ ቃሉን ግን ማናችንም አልጠራነውም። ክኒኗ ሲፕሮ ናት፤ ያለ ማዘዣ ነው የገዛት።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው። ግን ይሄ ነገር ከወል ግጦሽ ጋር አንድ ነው። ሁሉም «የኔ አንድ በሬ ምን ይጎዳል» እያለ ሲለቅ ሣሩ ያልቃል። የጨብጥ ባክቴሪያም ሰልፋን፣ ፔኒሲሊንን፣ ቴትራሳይክሊንን፣ ከዚያ ሲፕሮን በየተራ ተላምዷል። አሁን በዋናነት የቀረን የሴፍትሪአክሶን መርፌ ነው። እሱንም ቢሆን፣ ከአዚትሮማይሲን ጋር አብሮ የተቋቋመ ባክቴሪያ በ2018 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር አንድ ሰው ላይ ተገኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ብቻ 82 ሚሊዮን ሰው አዲስ በጨብጥ እንደተያዘ ይገምታል።

ጤና ጣቢያዎቻችን የሚያክሙት ምልክት አይተው ነው። አልፈርድባቸውም፤ በሽተኛውን ባዶ እጁን ከመመለስ ይሻላል። ግን አብዛኞቹ ሴቶች ምልክት አያሳዩም። ምልክት የሌላት ሴት ደግሞ በምልክት አትገኝም፤ በሽታው ሳይታከም ሲቆይ የማህፀን ቱቦን ዘግቶ መካን ሊያደርጋት ይችላል። መካንነት በእኛ አካባቢ ትዳር እንደሚያፈርስ ማን ያጣዋል?

የትኛው መድኃኒት እየከሸፈ እንደሆነ ለማወቅ ካልቸር ያስፈልጋል። ይሄ ባክቴሪያ ግን ቅምጥል ነው። የሚያድገው ቸኮሌት አጋር በሚባል፣ በሙቀት ከበሰለ ደም በሚዘጋጅ ምግብ ላይ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየተሰጠው ነው (ስሙ እንጂ ቸኮሌት የለበትም)። ናሙናው ከወገዳ ደብረ ታቦር እስኪደርስ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ወረዳው ሁሉ ላብራቶሪ ይከፈትለት አልልም። ደብረ ታቦርና ጎንደር ላይ ፈሳሽ ካላቸው ወንዶች በቋሚነት ናሙና ይወሰድ፣ ውጤቱም የሕክምና መመሪያውን ይቀይር ነው የምለው።

አዲስ መድኃኒት አለ። ዞሊፍሎዳሲን ይባላል፤ አንዴ ብቻ በአፍ የሚወሰድ ነው። ሲፕሮ የሚመታውን ኢንዛይም ይመታል፣ የሚይዘው ግን በሌላ በኩል ስለሆነ ሲፕሮን የለመደው ባክቴሪያ አያመልጠውም። ደቡብ አፍሪካና ታይላንድን ጨምሮ በ5 አገሮች፣ በ930 ሰዎች ላይ ተሞክሮ በ2023 ይፋ የሆነው ውጤት ከመርፌው እንዳላነሰ አሳይቷል። እሰየው! ግን እንደ ሲፕሮ በፍሬ ከተቸረቸረ ስንት ዓመት ይቆየናል?

ጓደኛዬን ለምኜ ጤና ጣቢያ ላክሁት፤ መርፌውን ተወጋ። ነርሷ ሚስቱን ይዞ እንዲመጣ ነግራዋለች። «ምንም አላመማትም እኮ፤ ምን ብዬ ልንገራት?» አለኝ። ይኸው ሦስተኛ ሳምንቱ፣ እስካሁን አልወሰዳትም።