ወፏን በጆሮ እንፈልጋት

የአንበሳንና የዝሆንን ነገር የማያውቅ ተማሪ በመካከላችን የለም። በውጭ አገር መጻሕፍት «የሐበሻ የድመት ወፍ» የምትባለውን የደጋ ዘማሪ ግን የሚያውቃት ጥቂት ነው። ይህች ወፍ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ በየትም አትገኝም። እ.አ.አ. በ1843 ጌሬን ሜኔቪል የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ ለሳይንስ ሲያስተዋውቃት፥ የአገሩን ሰው የመንገደኛውን የጋሊኒዬን ስም ሰጣት። ባዕድ ስም ካወጣላት ይህን ያህል ዘመን አልፎ እኛ ድምፅዋን እንኳ አለመለየታችን ያሳዝነኛል።

መልኳ ግራጫ፥ ግንባሯ ነጣ ያለ፥ ከጅራቷ ሥር ቀይ ቡናማ ነው። የምትኖረው በጽድ፥ በኮሶና በቀርከሃ መካከል፥ ቅጠሉ በተደራረበበት ስፍራ ነው። በባሌ በሐረና ደን ጉም ሲወርድ እርስዋን በዓይን ብቻ አገኛለሁ የሚል ሰው ደክሞ ይመለሳል።

እንደ እኔ አስተያየት ዘዴው ሌላ ነው። ማልዶ መሄድ፥ ደማቅ ልብስ አለመልበስ፥ ዝም ብሎ ተቀምጦ ማዳመጥ ነው። ወንዱ ጥርት ያለ ዜማ ሲያሰማ፥ ሴቷ በሌላ ድምፅ እንደ ዘፈን ተቀባይ ትመልስለታለች። ድምፁ የመጣበትን ከለዩ በኋላ ዓይንን እዚያው ቅጠል ላይ ተክሎ መጠበቅ ይገባል። የጽድ ፍሬ ስለምትበላ፥ ፍሬ የያዘ ጽድ አጠገብ መቀመጥም ይረዳል። ቅርንጫፍ የሚነቀንቅና ድንጋይ የሚወረውር ግን ያባርራታል እንጂ አያያትም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ወፍ ማየት የቱሪስት ሥራ ነው፤ ለአገር የሚበጀው እርሻና ፋብሪካ ነው» ይላሉ። የእርሻንና የፋብሪካን ጥቅም አልክድም። ነገር ግን ወፏን የሚሸሽጋት ቅጠል ጉሙን ጠብታ አድርጎ ወደ መሬት የሚያወርደው ያው ቅጠል ነው። የወልመል ወንዝም በሐረና በኩል ወደ ቈላው ይወርዳል። ትልልቁ ዛፍ ቆሞ ከሥሩ ያለው ቁጥቋጦ ከተመነጠረ፥ ከሩቅ ደን ይመስላል እንጂ ለወፏ መደበቂያ አይሆንም። ይህን ጥፋት ቀድሞ የሚያውቀው የዜማዋን መቅረት ያስተዋለ ሰው ነው። ዜማዋን ያልሰማ ግን መቅረቱን በምን ያውቃል?

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ይህ የሚያስደስት ነው፤ ሆኖም መመዝገብ ብቻውን ደን አይጠብቅም። ባሌ ሩቅ ነው ለሚል፥ ወፏ ከአዲስ አበባ ብዙ በማይርቀው በመናገሻ ደንም ትገኛለች። ስለዚህ የሳይንስ ክበባችን ወንጭፍ ሳይሆን ደብተር ይዞ፥ በመጪው ዓመት ቢያንስ አንድ ማለዳ ደን ገብቶ እንዲያዳምጥ አሳስባለሁ።