ከጥቁር ሰሌዳው ጎን፦ ምን እየሰማችሁ ነው?

ዛሬ ከፈተናና ከቤት ሥራ ወጣ ብለን ስለ ዘፈን ብንጫወትስ ብዬ ነው የመጣሁት።

«ራሽን በቀነሰበት ጊዜ መምህሩ ደግሞ ስለ ዘፈን ያወራል?» የምትሉ አትጠፉም። እውነት ነው፣ ዘፈን ማሽላ አይሆንም፣ ዘይትም አይሆንም። ነገር ግን ማታ ማታ በየብሎኩ ስታልፉ ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ ምድጃው ቶሎ የጠፋበት ቤት እንኳ አንድ ድምፅ አይጠፋበትም። አንዱ ቤት ክራር፣ ቀጥሎ መዝሙር፣ ቀጥሎ መንዙማ፣ ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ የኮንጎዎቹ ጊታር። ሰው ስልኩን ከቻርጅ ቤት ሲያወጣ፣ ዘመድ ጋ ከደወለ በኋላ የሚከፍተው ዘፈን ነው። ስለዚህ ነገሩ እንደዋዛ የሚታለፍ አይደለም።

ሰሞኑን በመምህራን ማረፊያ ክፍል «አንተ ምን እየሰማህ ነው? ለምን?» እየተባባልን ከየስልካችን እንቀባበላለን። እኔም የራሴን ልንገራችሁና እናንተ ደግሞ የእናንተን ትነግሩኛላችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ያደረግኋቸው ልጆቻችን ትምህርት ቤት የለመዱት እሱን ስለሆነ ነው።

አንደኛ፦ ኃይሉ መርጊያ። ደብተር ሳርም የምሰማው የእሳቸውን ሙዚቃ ነው፤ አብዛኛው ግጥም ስለሌለው ሐሳብ አይሰርቅም። ጋሽ ኃይሉ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበሩ። ዋልያስ በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ይሠራ ነበር። ሰዓት እላፊ ስለነበረ ማታ የገባ እንግዳ ሳይነጋ መውጣት አይችልም፤ እነሱም እስኪነጋ ይጫወቱ ነበር። በ1981 ባንዱ ለሥራ አሜሪካ ሄደና ከአባላቱ አንዳንዶቹ እዚያው ቀሩ። ጋሽ ኃይሉም ቀሩ። በ1985 አኮርዲዮንና ኪቦርድ ይዘው ለብቻቸው አንድ ካሴት ሠሩ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ነዱ። ኪቦርዱን ግን ከመኪናው አልለዩትም፤ ዳላስ አየር ማረፊያ ወረፋ ይዘው ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ ታክሲው ውስጥ ይለማመዱ ነበር። ያ የድሮ ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ ስንት አገር ሰማው፤ በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ» የሚል አዲስ አልበም አወጡ።

ለምን ይህን እሰማለሁ? በእኛ ካምፕ ነርስ የነበረች ሻይ ታፈላለች፣ የሒሳብ ሠራተኛ የነበረ ውኃ በጋሪ ይገፋል። ሥራ ክቡር ነው፣ ማንም አይፈርበት። ነገር ግን «የድሮ ሙያዬማ ሞተ» ሲሉ ስሰማ ሆዴን ይበላኛል። ሙያ ይዝጋል እንጂ ቶሎ አይሞትም፤ ያውም የሚያነሳው እጅ ካገኘ። እኛም ወረፋ ላይ ነን። ወረፋው መቼ እንደሚደርስ በእኛ እጅ አይደለም፤ እስኪደርስ ድረስ እጃችን ምን እንደሚሠራ ግን በከፊል በእኛ ነው።

ሁለተኛ፦ መሐመድ ወርዲ። ይህን ዘፈን የሰጠኝ አብሮኝ የሚያስተምር ሱዳናዊ ነው። ዐረብኛዬ ከገበያ አያልፍም፤ ጆሮዬ ግን አልተቸገረም። ምክንያቱም እነ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የምንላቸው ቅኝቶቻችን ከአምስት ድምፅ የተሠሩ ናቸው። የሱዳኖቹም ዘፈን በአብዛኛው በአምስት ድምፅ ነው የሚሄደው፣ የሱማሌዎቹም እንዲሁ። ለዚህ ነው ቃሉን ሳናውቀው ዜማው «የት ነበር የማውቀው?» የሚያሰኘን።

ወርዲ የሰሜን ሱዳን ሰው ነው፣ ኑብያዊ። በ1989 በካርቱም መፈንቅለ መንግሥት ከተደረገ በኋላ አገሩን ለቆ ወጣ። በ1990 ደግሞ ጋምቤላ፣ ኢታንግ የስደተኞች ካምፕ ድረስ ሄዶ ዘፈነ። አድማጮቹ እነማን ነበሩ? ከካርቱም መንግሥት ጦር የሸሹ የደቡብ ሰዎች። እንግዲህ አስቡት፤ የሰሜን ሰው፣ በዐረብኛ፣ ከሰሜን ጦር ለሸሸ ሕዝብ። እነሱም ተሰብስበው ሰሙት። በ1991 በኢትዮጵያ መንግሥት ሲለወጥ እነዚያ ካምፖች ተበተኑ፤ ይህ የእኛ ካኩማ በ1992 ሲከፈት መጀመሪያ የገቡትም ከኢትዮጵያ ካምፖች ተነስተው ረጅም መንገድ የተጓዙ የሱዳን ልጆች ነበሩ። ወርዲ በኋላ አገሩ ተመልሶ በ2012 አረፈ። ይህን ታሪክ ለደቡብ ሱዳናዊው ባልደረባችን ስነግረው ምንም አላለም፤ የሱዳናዊውን ስልክ ተቀብሎ ዘፈኑን በብሉቱዝ ወደ ራሱ ላከ።

ሦስተኛ፦ መርየም ሙርሳል። ወይዘሮ መርየም የዋቤሪ ቡድን ድምፃዊት የነበሩ ሱማሌ ናቸው። የአገራቸው ጦርነት ሲከፋ አምስት ልጆቻቸውን ይዘው ከሞቃዲሾ ወጡ። አንዳንዴ በእግር፣ አንዳንዴ በጭነት መኪና፣ በኬንያና በኢትዮጵያ በኩል አድርገው ሰባት ወር ያህል ተጉዘው ጅቡቲ ገቡ፤ በኋላም ዴንማርክ ተቀበለቻቸው። በ1998 ያወጡትን አልበም «ጉዞው» አሉት። እኔ የምሰማው ጠዋት ውኃ ወረፋ ስሄድ ነው፤ ምቱ እግር ያነሳል። የሱማሌ ጎረቤቶቼ ልጆች ከእኔ ስልክ ሲሰሙት ይስቃሉ፣ ከዚያ ቃሉን ይተረጉሙልኛል። በአጥር ተለያይተን ለዓመታት ሰላምታ ብቻ ስንለዋወጥ የነበርን ሰዎች አሁን የምናወራው ነገር አገኘን።

አራተኛ፦ ጥላሁን ገሠሠና ዓሊ ቢራ። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል፣ ምክንያቱም ይህ የራሳችን ቤት ጉዳይ ነው።

በቅርቡ አንድ ቡና ላይ ተቀምጠን ሳለ አንዱ ወጣት ዘፈን ከፈተ። ሌላው «ይህን አጥፋው፣ የእነ እንትና ነው» አለ። ባለቤቲቱ ደንግጠው ጀበናውን እንደያዙ ቀሩ። የትኛው ቋንቋ እንደነበር አልናገርም፤ ምክንያቱም በሌላ ቀን፣ በሌላ ቤት፣ በተገላቢጦሽ ሆኖ ሰምቼዋለሁ። በተለይ ከ2020 ወዲህ ባገራችን የሆነው ሁሉ ከሆነ በኋላ፣ እዚህ ምድረ በዳ ላይ ቁጭ ብለን ዘፈንን በቋንቋው መታወቂያ እየጠየቅን እናሳልፋለን። የተጎዳ ሰው ቁስሉ እንደሚያመው አውቃለሁ። አንድ ድምፅ ሲሰማ ክፉ ቀን የሚታወሰው ሰው አለ፣ እሱን ማክበር ይገባል። ግን ሕመምን ማክበርና ዜማን መወንጀል ለየብቻ ናቸው።

ጥላሁን በ1940 አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገው ወሊሶ ነው። በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ዘመኑ በአማርኛ የዘፈነውን የማያውቅ የለም፤ በኦሮምኛም ዘፍኗል። በ2009፣ በፋሲካ ዕለት ሲያርፍ ያላለቀሰ ማን ነበር? ዓሊ ቢራ ደግሞ ከድሬዳዋ፣ አፍረን ቀሎ ከተባለው ቡድን በ1960ዎቹ የተነሳ፣ የኦሮምኛን ዘፈን ትልቅ ደረጃ ያደረሰ ሰው ነው። እሱም በኦሮምኛ ብቻ አልቆመም፤ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሱማሌኛ፣ በዐረብኛ፣ በስዋሂሊም ዘፍኗል። በ2022 አረፈ። «ቢራ» የሚለው ስም የወጣለት በመጀመሪያ ዘፈኑ ነው። በኦሮምኛ ክረምቱ አልፎ ሰማዩ የሚጠራበት ወቅት ማለት ነው። እኛስ በአማርኛ ዝናቡ ሲያባራ «ብራ ሆነ» እንል የለ? እኔ እነዚህን ሁለት ሰዎች አንድ ሜሞሪ ላይ አስቀምጫቸዋለሁ፤ እስካሁን እዚያ ውስጥ አልተጣሉም።

አምስተኛው ዘፈን ሳይሆን ታሪክ ነው፤ ለስምንተኛ ክፍል ልጆች ነግሬያቸው በጣም ወደዱት። በ1924 ራስ ተፈሪ መኮንን ኢየሩሳሌም ሲሄዱ፣ የአርመኖች ገዳም ውስጥ የነሐስ ሙዚቃ የሚጫወቱ ልጆች አዩ። ከ1915 ጀምሮ በኦቶማን ቱርክ አርመኖች ላይ ከደረሰው እልቂት የተረፉ የሙት ልጆች ናቸው። አርባውን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» የሚባሉት እነሱ ናቸው። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንድያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን የኢትዮጵያ መዝሙር ዜማ የደረሱ ሰው ሆኑ። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንድያንም በኋላ መጥተው ብዙ የአገራችንን ሙዚቀኞች አሠለጠኑ። ዛሬ «የእኛ የድሮ ዘፈን» እያልን የምንኮራበት የትራምፔትና የሳክስፎን ድምፅ ሥሩ ሲቆፈር ወላጅ አልባ ስደተኛ ልጆች ይገኙበታል። ክፍል ውስጥ ይህን ስጨርስ ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ታዲያ ስደተኛ የሚቀበል አገር ይጠቀማል ማለት ነው?» አለችኝ። እኔ ከዚህ የተሻለ ማጠቃለያ አልነበረኝም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። ከላይ የቆጠርኳቸው ሁሉ የተቀዱ ናቸው። ሜሞሪዬ ቢጠፋ፣ ሜሞሪ ያለው ሰው አይጠፋም። የማይገኘው ሌላው ነው። እናታችሁ ስታስተኛችሁ ያለችው እሹሩሩ፣ አባታችሁ አጨዳ ላይ ያወረደው፣ በሠርግ አክስቶቻችሁ ሙሽራዋን የሸኙበት፣ አያታችሁ ለቅሶ ላይ የገጠመችው። ይህ በየትኛውም ስልክ ላይ የለም። ያለው በእናንተ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው።

ባለፈው ወር ለተማሪዎቼ «ከቤታችሁ አንድ እሹሩሩ ጽፋችሁ አምጡ» የሚል የቤት ሥራ ሰጠሁ። ግማሾቹ ይዘው መጡ፤ እያነበቡ የሚስቁም፣ የሚያፍሩም ነበሩ። ከቀሩት ውስጥ አንዱ «እናቴ ረሳሁት አለችኝ» አለ። ከሦስት ቀን በኋላ ግን ያው ልጅ ሁለት ገጽ ሙሉ ይዞ መጣ። እናቱ ሌሊት ተነስተው ቀስ በቀስ ትዝ እያላቸው አጽፈውታል። እዚህ ካምፕ የተወለደ ልጅ ነው፤ የእናቱን ቀዬ አይቶት አያውቅም። በዚያ ሌሊት ግን የወንዙን ስም፣ የላሟን ስም፣ የአያቱን ስም ሰማ።

አንዳንድ ወላጆች «ልጆቹ ፊት ትዝታ አንሰማም፣ ያሳዝናቸዋል» ትላላችሁ። እኔ እንደማየው ልጅን ይበልጥ የሚያስፈራው የዝምታ ሐዘን ነው። እናቱ ለምን እንደምታለቅስ ያላወቀ ልጅ ጥፋቱ የእሱ ይመስለዋል። ዘፈኑን ሰምቶ «ይህ ያደግሁበት መንደር ነው፣ ይህ ወንድሜ የሚወደው ነው» ከተባለ ግን ሐዘኑ ስም ያገኛል። ስም ያለው ነገር ደግሞ ይቀላል።

ውድ አንባብያን፣ እኛ አንድ ላይ የምንቆየው እስከ መቼ እንደሆነ አይታወቅም። አንዱ ቤተሰብ ካናዳ ይደርሰዋል፣ አንዱ ናይሮቢ ይገባል፣ አንዱ አገሩ ይመለሳል፣ አንዱ እዚሁ አፈር ይቀምሳል። ሻንጣው የሚይዘው በኪሎ ነው። ስለዚህ አደራዬ ቀላል ነው፦ በዚህ ሳምንት እያንዳንዱ ቤት አንድ ደብተር ይያዝ። በቤታችሁ የሚታወቀውን አንድ ዘፈን ወይም መዝሙር ወይም መንዙማ፣ በየትኛውም ቋንቋ ቢሆን፣ ግጥሙን ጻፉ፤ ከሥሩም ማን፣ የት፣ መቼ ይለው እንደነበር አክሉበት። መጻፍ የማይችል ወላጅ ለልጁ ይንገር፤ ልጁ ይጽፋል፣ እግረ መንገዱንም ፊደል ያጠናል። ስልክ ያለው ደግሞ የእናቱን ድምፅ ይቅዳ።

ልታካፍሉን የምትፈልጉ ቅጂውን በማኅበረሰቡ ጽሕፈት ቤት ባለው የአስተያየት ሣጥን ክተቱልን። «ምን እየሰማችሁ ነው? ለምን?» ለሚለውም መልሳችሁን በሁለት መስመር ብትጽፉልኝ በሚቀጥለው እትም አወጣዋለሁ።

እስከዚያው ድምፁን ለጎረቤት በሚሆን ልክ አድርጋችሁ አዳምጡ፤ ቀጥሎ ያለው ቤት ሕፃን ሊኖር ይችላል። ቸር ይግጠመን።