የታጋዋ ቅርስ፤ ጡቡ ወይስ ቆፋሪው?

የኢንዱስትሪ ቅርስ በተነሣ ቁጥር የሚቀርበው የውዳሴ ዝርዝር የታወቀ ነው። ግንቡ በሜትር ይለካል፤ ሞተሩ በፈረስ ጉልበት ይመዘናል፤ የባለሀብቱና የመሐንዲሱ ስም በነሐስ ላይ ይቀረጻል። ማረሻውን አወድሶ አራሹን መዘንጋት ማለት ይህ ነው። የዚህ ልማድ ጠበቆች ታሪክን የሚመሰክረው የቆመና የሚዳሰስ ነገር ብቻ ነው ብለው ይከራከራሉ። ክርክራቸው ምን ያህል ጎዶሎ እንደ ሆነ ለመረዳት፣ በጃፓን ኪዩሹ ደሴት፣ በፉኩኦካ ክፍለ ሀገር የምትገኘውን ትንሽ ከተማ ታጋዋን መመልከት ይበቃል።

ታጋዋን ከተማ ያደረጋት የድንጋይ ከሰል ነው። የሚትሱይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1900 ማዕድኑን ከያዘ በኋላ ኢታ በተባለው ሥፍራ ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፈሩ፤ በ1908ም ቁመታቸው ከ45 ሜትር የሚበልጥ ሁለት የጡብ ጭስ ማውጫዎች ቆሙ። ታጋዋ የምትገኝበት የቺኩሆ ምድር ከሰል የብረት ማቅለጫውን አጋለ፤ ባቡሩንና መርከቡን አንቀሳቀሰ። በኋላ ነዳጅ ዘይት የከሰልን ቦታ ሲወስድ የኢታ ማዕድን በ1964 ተዘጋ። በ1950ዎቹ አጋማሽ 100,000 ያህል የነበረው የከተማይቱ ሕዝብ ዛሬ ከግማሽ በታች ነው። ጭስ ማውጫዎቹ ግን በመናፈሻ መካከል እንደ ቆሙ ናቸው። በመላው ጃፓን በበጋ ጭፈራ የሚዘፈነውን፣ ስለ ጨረቃና ስለ ጭስ ማውጫ የሚያወሳውን የከሰል ቆፋሪዎች ዘፈን ታጋዋ የእኔ ነው ትላለች።

ከተማይቱ እነዚህን ግንቦች ይዛ ከሌሎች የኪዩሹና የያማጉቺ የኢንዱስትሪ ሥፍራዎች ጋር ለዓለም ቅርስነት ታጭታ ነበር። በ2009 ግን ግንቦቿ ከዕጩዎቹ ዝርዝር ወጡ። በሜትርና በጡብ ለሚለካ ሰው ነገሩ በዚህ ያበቃ ነበር። ታጋዋ ግን ሌላ ሀብት ነበራት፤ የአንድ ሽማግሌ ወዛደር ሥዕሎች።

ሳኩቤይ ያማሞቶ በ1892 ተወልደው ገና በልጅነታቸው ከወላጆቻቸው ጋር ወደ ጉድጓድ ወረዱ። ለ50 ዓመታት ያህል በቺኩሆ ማዕድኖች በቆፋሪነትና በብረት ቀጥቃጭነት ሠሩ። የበኩር ልጃቸውን በጦርነት አጡ። ዕድሜያቸው ከ60 ካለፈ በኋላ፣ የሌሊት ዘበኛ ሆነው ሲሠሩ፣ ብሩሽ አነሡ። ዓላማቸው የማዕድኑን ኑሮና የሰዎቹን ስሜት ለልጅ ልጆቻቸው ማቆየት ነበር። እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1984፣ ከ1,000 በላይ ሥዕሎችን እንደ ሠሩ ይገመታል።

በሥዕሎቹ ውስጥ ባል በጠባብ የከሰል ንጣፍ ውስጥ በጎኑ ተኝቶ ይቆፍራል፤ ሚስት ከኋላው በእጅና በጉልበቷ እየዳኸች ከሰሉን ትጎትታለች። ሁለቱም ከሙቀቱ የተነሣ ግማሽ እርቃናቸውን ናቸው። ሕፃን በጀርባው ያዘለ ልጅ ወደ ጉድጓድ ይገባል። አለቃ ሠራተኛን አስሮ ይገርፋል። በሥዕሎቹ ዳር የመሣሪያው ስም፣ የዕቃው ዋጋና የዘመኑ ልማድ በጽሑፍ ተተንትኗል።

አንዳንዶች ታዲያ እኒህ ሰው በሥዕል ትምህርት ቤት አላለፉም፤ የሣሉትም ከዓመታት በኋላ በትዝታ ነው፤ ስለዚህ ሥራው ሥነ ጥበብም ማስረጃም አይሆንም ይሉ ይሆናል። ይህ ሙግት አይጸናም። የዶማን ስለት በእሳት አግሎ የሳለ እጅ የዶማን ቅርጽ ከማንም አካዳሚ ተመራቂ ይልቅ ያውቃል። ጨለማና ጋዝ የሞላበት ጉድጓድ ለዘመኑ ፎቶግራፍ አንሺ የሚመች አልነበረም። የኩባንያው መዝገብ ቶን ይቆጥራል እንጂ የጎታቿን ጉልበት አይቆጥርም። በ1928 የወጣው ደንብ በ1933 ሥራ ላይ ውሎ ሴቶችን ከመሬት በታች ሥራ ሲያግድ፣ የእነዚያ እናቶች ድካም ያለ ምስክር ሊቀር ይችል ነበር። ምስክር የሆነላቸው የሽማግሌው ብሩሽ ነው።

ፍርዱም በ2011 ተሰጠ። በዚያ ዓመት ግንቦት ወር 589 ሥዕሎችን ጨምሮ 697 ሥራዎችና ማስታወሻዎች በዩኔስኮ የዓለም የሰነድ ቅርስ መዝገብ ሰፈሩ፤ ከጃፓንም የመጀመሪያዎቹ ሆኑ። የኢትዮጵያ ጥንታዊ ጽሑፎች በ1997 በገቡበት መዝገብ የቆፋሪው ወረቀት ከብራናው ጎን ቆመ።

በአንጻሩ ግንቦቹን ብቻ ያከበሩት ወገኖች የገጠማቸው መታየት አለበት። ሀሺማ የተባለችውን የከሰል ደሴት የሚጨምሩት የሜጂ ዘመን የኢንዱስትሪ ሥፍራዎች በ2015 የዓለም ቅርስ ሆኑ። ጃፓን ከፈቃዳቸው ውጭ ተወስደው በከባድ ሁኔታ የሠሩትን ኮሪያውያን ታሪክ ጭምር እንደምትገልጽ ቃል ገባች። በ2021 የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ቃሉ በሙሉ ባለመፈጸሙ ብርቱ ቅሬታውን ገለጸ። ሰውን ያስወጣ ቅርስ መጨረሻው የክስ መዝገብ ነው። በታጋዋ መናፈሻ ለኮሪያውያንና ለቻይናውያን ሠራተኞች መታሰቢያ መቆሙ፣ ሕዝብ የራሱን ታሪክ ሲይዝ የሚያሳፍረውንም ጭምር ሊይዝ እንደሚችል ያሳያል።

ይህ ማለት ጭስ ማውጫዎቹ ይፍረሱ ማለት አይደለም። ቆፋሪው የሌለበት ጭስ ማውጫ ዲዳ ነው ማለት ነው። ጡብ መቶ ዓመት ይታገሣል፤ የውሃ ቀለም ብርሃን ይፈራል፤ የሰው ትዝታ ደግሞ ከሁሉም ቀድሞ ያልፋል። ማዕድኑ ሲዘጋ 18 ዓመት የሞላው ወጣት ዛሬ 80 ዓመት ገደማ ሆኖታል። ስለዚህ በታጋዋም ሆነ ማዕድን ተዘግቶ ሕዝብ በቀረበት ሥፍራ ሁሉ፣ የቅርስ ገንዘብ ከግንብ እድሳት አስቀድሞ ለወረቀቱ ጥበቃና ለአረጋውያኑ ቃል መሰብሰቢያ ሊውል ይገባል። ግንቡ የሚናገረው የሠሩትና የወረዱበት ሰዎች ሲናገሩለት ብቻ ነው፤ እነርሱ ደግሞ የሚጠየቁበት ጊዜ እያለቀ ነው።