እግርን ስለ ማክበር

ከሰውነታችን ክፍል ሁሉ እንደ እግር የሚደክም፥ እንደ እግርም የሚናቅ የለም። ፊታችንን በማለዳ እንታጠባለን፤ ጠጕራችንን እናበጥራለን፤ ጥርሳችንን በመፋቂያ እንፍቃለን። ወደ ማዕድም ስንቀርብ እጃችንን ውኃ ያስነኩናል። እግር ግን ቀኑን ሙሉ በእሾህና በጭቃ መካከል ተሸክሞን ውሎ፥ ማታ አቧራውን እንደ ለበሰ ከመደብ ላይ ይወጣል። ሰው ሰውን ሊያዋርድ ሲፈልግ እንኳ «ከእግሬ በታች ነህ» ይላል። ይህ ንቀት ተገቢ አይደለም። ልጆች ሆይ፥ እኔ የምላችሁ ይህ ነው፤ ሕፃንም ቢሆን ሽማግሌ፥ ማንም ሰው ማታ ማታ ሳይተኛ እግሩን በገዛ እጁ ሊያጥብና ሊመረምር ይገባዋል።

ነገሩ አዲስ ትምህርት አይደለም፤ ከአባቶቻችን ቤት የሚገኝ ነው። መንገደኛ በመሸ ጊዜ ከደጅ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ሲል፥ ባለቤቱ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብሎ ያስገባዋል። ከመብልም ከመጠጥም አስቀድሞ ውኃ ይሞቅለታል። ከቤቱ ልጆች አንዱ ገበቴውን ይዞ ይንበረከካል፤ ተረከዙን፥ ውስጥ እግሩን፥ የጣቶቹንም መካከል አንድ በአንድ ያሻል፤ ሲጨርስም እግሩን ስሞ ይነሣል። እንግዳው ገና ስሙን እንኳ አልተናገረም። ለማናውቀው ሰው እግር ይህን ያህል ክብር የምንሰጥ ስንሆን፥ ለገዛ እግራችን ስለ ምን እንነፍገዋለን? እንግዳው አንድ ሌሊት አድሮ ይሄዳል፤ እግራችን ግን እስከ ሞታችን ቀን ከእኛ ጋር ያድራል።

ምናልባት ከእናንተ አንዱ «የእግር አቧራ ማንን ጎዳ?» ይል ይሆናል። መልሱ በደጋው አገራችን በቀዩ አፈር ውስጥ ይገኛል። በጎጃም፥ በወላይታ፥ በሌሎችም ዝናም በሚበዛባቸው ከፍተኛ ቦታዎች ያለው ቀይ አፈር፥ በጥንት ዘመን ከምድር ሆድ በእሳት ቀልጦ ከወጣ ድንጋይ የተገኘ ነው። ድንጋዩ በብዙ ዘመን ዝናምና ፀሐይ እየላመ ሄዶ አፈር ሆነ። ይህ አፈር እህል ያበቅላልና ገበሬው ይወደዋል። ነገር ግን በውስጡ ዓይን የማያያቸው እጅግ የደቀቁ የማዕድን ቅንጣቶች አሉበት። ሰው በባዶ እግሩ ብዙ ዓመት ሲያርስበትና ሲመላለስበት፥ ቅንጣቶቹ በእግሩ ቆዳ በኩል ወደ ሰውነቱ ይገባሉ። በእግራችን ውስጥ ከደም ሥሮች ሌላ፥ ነጣ ያለ ውኃ መሰል ፈሳሽ ወደ ላይ የሚመለስባቸው ቀጫጭን ሥሮች አሉ፤ ሐኪሞች የሊምፍ ሥሮች ይሏቸዋል። ቅንጣቶቹ በእነዚህ ሲከማቹ ሥሮቹ ይቆጣሉ፤ እየጠበቡም ሄደው ይደፈናሉ። ያን ጊዜ ፈሳሹ መውጫ አጥቶ በእግር ይቀራል። እግርም ያብጣል፤ ቆዳውም ወፍሮ ይሻክራል። በደጋ አገር ሕዝቡ ዝሆኔ የሚለው በሽታ ይህ ነው። (በቆላ አገር በትንኝ ንክሻ የሚመጣ ሌላ ዝሆኔ አለ፤ የእርሱ ነገር ለብቻው ነው።)

ኤርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም በ1960ዎቹ ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሲሠራ ይህን በሽታ መርምሮ ከአፈሩ የሚመጣ መሆኑን አስረዳ። እግርና አቧራ ከሚሉ ከሁለት የግሪክ ቃሎችም ስም አውጥቶ ፖዶኮኒዮሲስ አለው። ዛሬ በአገራችን በዚህ በሽታ የተያዙት ሰዎች 1 ሚሊዮን ተኩል ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረውም ከ10 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ይህን የምታነቡት ልጆች ዕድሜያችሁን ቁጠሩ።

ከበሽታው ይልቅ የሚከፋ አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ እርሱም የሰው አፍ ነው። እግሩ ያበጠውን ሰው አንዳንዱ «መርገም ደረሰበት» ይለዋል። ሌላው ይተላለፍብኛል ብሎ በገበያ አጠገቡ አይቀመጥም። እግሯ ያበጠውን ልጃገረድ የሚያጫት ይጠፋል፤ እኅቶቿም ጤነኞች ሳሉ በእርሷ ምክንያት ይቀራሉ። ተማሪም ጓደኞቹ ሲሣለቁበት እግሩን ለመሸሸግ ከትምህርት ቤት ይቀራል። ይህ ሁሉ ሐሰት ያመጣው በደል ነው። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ሁለት ሰዎች በአንድ እርሻ ላይ ባዶ እግራቸውን ውለው አንዱ ሲታመም ሌላው የሚድነው፥ አፈሩን የሚፈራ የሰውነት ጠባይ በአንዳንድ ዘር ከወላጅ ወደ ልጅ ስለሚወረስ ነው እንጂ፥ አንዱ ኃጢአተኛ ሌላው ጻድቅ ስለ ሆነ አይደለም። በእንደዚህ ያለ ሰው የሚሥቅ ተማሪ ፊደል ቈጠረ እንጂ ገና አልተማረም።

እንግዲህ ወደ ማታው መታጠብ እንመለስ። ጥቅሙ አፈሩን ማስወገድ ብቻ አይደለም፤ እግርን ማወቅም ነው። ማታ ማታ እግሩን በእጁ የሚያሽ ልጅ የገባችውን ትንሽ እሾህ ያገኛታል፤ ሙጃሌ ቢኖር ሳይበዛ ያወጣዋል፤ የተረከዙን ንቃቃት ሳይሰፋ ቅባት ይቀባዋል። ዝሆኔም በአንድ ሌሊት አይመጣም፤ አስቀድሞ ምልክት ይልካል። በእግር ጣቶች አጠገብ ያለው ቆዳ ያሳክካል። ማታ እግር እንደ እሳት ይለበልባል። ውስጥ እግር ማታ አብጦ ያድርና ጠዋት ይጎድላል። ቆዳው ይወፍራል፤ ጣቶቹም እንደ ልብ አይታጠፉም። በዚህ ጊዜ ወደ ሐኪም የሄደ ሰው እግሩ ወደ ቀድሞው መልኩ ሊመለስ ይችላል። እግሩን የማያይ ሰው ግን ይህን ሁሉ ድካም ነው ብሎ ያልፈዋል። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

አስተጣጠቡም እንዲህ ነው። እግሩን ጥቂት ጊዜ በውኃ ውስጥ አኑሮ ጭቃውን ማራስ፤ በሳሙና ከጕልበት በታች ያለውን ሁሉ ማሸት፤ የጣቶቹን መካከል አለመርሳት፤ ካለቀለቁት በኋላ በንጹሕ ጨርቅ በደንብ ማድረቅ። በጣቶች መካከል እርጥበት ከቀረ ቆዳው ይልሳል፤ ቍስልም ከዚያ ይጀምራል። ቆዳው እንዳይሰነጠቅ ቫዝሊን ወይም ሌላ ንጹሕ ቅባት መቀባት መልካም ነው።

ይህ ለጤነኛ ሰው ብቻ የሚጠቅም እንዳይመስላችሁ። በምሥራቅ ጎጃም ወደ 700 የሚጠጉ ሕሙማን የተካፈሉበት ምርመራ ተደርጎ ውጤቱ በ2010 ዓ.ም. ታትሟል። እግራቸውን ዕለት ዕለት ማጠብን፥ መቀባትን፥ በፋሻ ማሰርንና ጫማ ማድረግን የተማሩት ሰዎች፥ ትኩሳትና ብርቱ ሕመም ይዞ የሚነሣባቸው የእግር ቍጣ ካልተማሩት ይልቅ በዓመቱ ውስጥ ቀነሰላቸው። ፈጽሞ አልቀረላቸውም፤ ነገር ግን በእግሩ ቍጣ ብዙ ቀን ከአልጋ ለሚውል ገበሬ፥ የቀነሰው ቀን ሁሉ የእርሻ ቀን ነው።

«ውኃው ከየት ይመጣል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ ምንጩ ሩቅ የሆነበት አገር ብዙ ነውና። ለእግር ግን አንድ ሁለት ጣሳ ይበቃል። በብዙ ቤት ውኃ የምትቀዳው እኅት ናት፤ እንስራውን በጀርባዋ አዝላ ዳገቱን የምትወጣ እርሷ ናት። እኔ የምመክረው፥ ወንድሟ እግሩን የሚታጠብበትን ውኃ ራሱ ወርዶ ይቅዳ። ውኃ መቅዳት ለወንድ ነውር ነው የሚለውን አባባል ማን እንዳመጣው አይታወቅም፤ የቀዳ ወንድ ግን እስከ ዛሬ አንድም አልሞተበትም።

ስለ ጫማም ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በብዙ ቤት ጫማ ለበዓል ተጠብቆ ከአልጋ ሥር ይቀመጣል። አንዳንዱ ሰው ወደ ገበያ ሲሄድ ጫማውን በእጁ ይዞ በባዶ እግሩ ይጓዝና ከተማው ዳር ሲደርስ ያደርገዋል። ጫማውን ከእግሩ አብልጦ ይወደዋል ማለት ነው፤ ጫማ ግን ቢያልቅ ይገዛል። ጫማ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው በእርሻና በጭቃ ቀን ነው። በረባሶና ሸበጥ እሾህን ይከላከላሉ፤ ዳሩ ግን ጭቃው ከላይ ስለሚገባባቸው ለቀይ አፈር አይበቁም። ዋጋው ርካሽ የሆነው የላስቲክ ጫማ እንኳ ዙሪያውን ከተዘጋ ከእነዚህ ይሻላል፤ ማታ ግን ከውስጡም መታጠብ አለበት።

በዚህ ጊዜ «አበበ ቢቂላስ?» የምትሉ እንዳላችሁ ዐውቃለሁ። እውነት ነው፤ በ1952 ዓ.ም. በሮም ከተማ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ፤ ዓለምም አደነቀው። ነገር ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው አንብቡት። በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ጫማ አድርጎ ሮጠ፤ ከዚያ በፊት አንድ ወር ከጥቂት ቀን ቀደም ብሎ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነበር። በዚያም በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ደርሶ ዳግመኛ አንደኛ ሆነ። ጫማው ጀግንነቱን አልቀነሰበትም፤ ጊዜውም ከፊተኛው ያጠረ ነው። ደግሞም የሮም ጎዳና የተነጠፈ መንገድ ነው እንጂ የክረምት እርሻ አይደለም።

በቤታችሁ እግሩ ያበጠ አያት ወይም ጎረቤት ቢኖር፥ ለእንግዳ እንደምታደርጉት ውኃ አሙቁለትና ገበቴውን ይዛችሁ ቅረቡ። መጀመሪያ አፍሮ «ተዉ» ይላችሁ ይሆናል፤ በዚህ አትመለሱ። በኃይል አትሹት፤ በየእጥፋቱ መካከል ያለውን በቀስታ አጥባችሁ አድርቁት። ሲተኛም እግሩ ከፍ ብሎ እንዲያድር ከበታቹ የተጠቀለለ ጋቢ አኑሩለት፤ ጠዋት ሲነሣ እብጠቱ ከማታው ቀለል ብሎ ያገኘዋል።