ፀ እና ጸ ሒሳብ ሲያዛቡ

የመንዝ በግ ሥጋው ብቻ ሳይሆን ፀጉሩም ገንዘብ መሆኑን ገበያውን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል፤ ባናው የሚሠራው ከዚሁ ነውና። ይህን ፀጉር ሰብስቦ ወደ ደብረ ብርሃን የሚልክ ነጋዴ ሒሳቡን በኮምፒዩተር ልሥራ ቢል ብዙ ወጪ አይጠብቀውም። ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በነፃ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1991 ከወጣ ጀምሮም ሼል የሚባል መስኮት አለው፤ አንድ መስመር ጽፎ ኤንተርን ሲጫኑ መልሱ እዚያው ይመጣል። በ2008 የወጣው ፓይተን 3 ደግሞ ለዋጋና ለመጠን የምንሰጠውን ስም በራሳችን ፊደል እንድንጽፍ ፈቅዷል። (፩ እና ፪ን ግን ለሒሳብ አይቀበልም።)

ጣጣው የሚመጣው ከዚሁ ፊደል ነው። ነጋዴው ጠዋት «ፀጉር» ብሎ የኪሎውን ዋጋ 60 ብር መዘገበ እንበል። ከቀትር በኋላ ዋጋው 75 ሲገባ «ጸጉር» ብሎ አስተካከለ። ለእኛ አንድ ቃል ነው፤ ለማሽኑ ግን ሁለት ስም ነው። አዲሱን ተቀብሎ አሮጌውንም እንደያዘ ይቀመጣል። ከዚያ 800 ኪሎ በ«ፀጉር» ሲባዛ 60,000 ብር መሆን የሚገባው 48,000 ሆኖ ይወጣል። ስህተት አለ የሚል ምልክት አይታይም፤ 12,000 ብር በዝምታ ሄደ። የከተማዋን ስም እንኳ አንዱ መሐል ሜዳ፣ ሌላው መሀል ሜዳ ብሎ በሚጽፍበት አገር ይህ የማይደርስበት ሰው የለም።

መከላከያው እዚያው ሼሉ ውስጥ አለ። ወደ ላይ የሚያመለክተውን ቀስት ብትጫኑ የጠዋቱ መስመር ተመልሶ ይመጣል፤ 60ውን በ75 መለወጥ ብቻ ይቀራል፣ ስሙ አይነካም። ታብ የተባለው ቁልፍ ደግሞ የስሙን መጀመሪያ ስትጽፉለት ቀሪውን ይሞላል። ጸ ብላችሁ ካልሞላላችሁ በዚያ ፊደል የሚጀምር ስም አልመዘገባችሁም ማለት ነው። በ2021 የወጣው 3.10 ያልተመዘገበ ስም ስትጠሩ «ይህን ማለትህ ነው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ አዲስ ስም ስትመዘግቡ ግን ዝም ስለሚል በእሱ አትመኩ።

ፈርናንዶ ፔሬዝ የተባለው የፊዚክስ ሰው በ2001 አይፓይተንን የጀመረው ሼሉን ለዕለት ሥራ የተመቸ ለማድረግ ነበር። ዋናው ፓይተን ራሱ በጥቅምት 2024 በወጣው 3.13 ብዙ መስመር ያለውን ጽሑፍ ባንድ ጊዜ መልሶ ማረም ፈቀደ። ለመውጣት «ኤግዚት» ብሎ መጻፍም በቃ። (ቀድሞ ቅንፍ ካልጨመርክ አልወጣም ይል ነበር፤ ምን እንደፈለግን እያወቀ!)

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደርስ መርሐ ግብር ፕሮግራሚንግ ተምሬያለሁ የሚል ወጣት ለሒሳብ ሥራ ቢመጣላችሁ፣ በበኩሌ የምስክር ወረቀቱን ከማየት በፊት ዋጋ እንዲለውጥ ባዘዝኩት ነበር። ስሙን እንደገና ከጻፈ ቀስቱን አሳዩት፤ ቀስቱን ከተጫነ ስለ ደመወዙ ተነጋገሩ።